የግሎስተር ወፍጮ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፣ የቢታ ገነት ሰዎች! የማወጋችሁ የወፍጮ ነገር ነው፤ ወፍጮው ግን ባሕር ማዶ፣ እንግሊዝ አገር፣ ግሎስተር ከተማ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1853። ሃድሊ የሚባሉ ወንድማማቾች በእንፋሎት የሚሠራ ወፍጮ ነበራቸው። አንድ ቀን ቀጥ አለ። ቢያዩት የሞተሩ ዘንግ ተሰብሯል። አዲስ የሚሠሩላቸው መሐንዲሶች ያሉት ለንደን አጠገብ፣ ግሪንዊች ነው፤ እነሱም ለናሙና አሮጌውን ካላዩ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ስባሪው መላክ አለበት።

ፒክፎርድ ከሚባለው ጭነት አመላላሽ ዘንድ ሄዱ። የቢሮው ሠራተኛ እስከ ቀትር ከመጣ በማግስቱ ይደርሳል አላቸው። 2 ፓውንድ ከ4 ሽልንግ ከፍለው አስረከቡ። ታዲያ ደረሰ? የት ይደርሳል! ለንደን ላይ ለቀናት ተጋደመ፤ ኋላ ለዚያው ተቀባይ ከሚሄድ ብዙ ቶን ብረታ ብረት ጋር በውኃ ተጫነ። ወፍጮው ያን ሁሉ ቀን እንደቆመ ቀረ።

ወንድማማቾቹ ከሰሱ፤ ለታጣው ትርፍ 300 ፓውንድ ጠየቁ። የግሎስተር ጁሪ፣ አመላላሹ አስቀድሞ ለፍርድ ቤት ካስገባው 25 ፓውንድ ሌላ 25 ይጨምር አለ። አመላላሹ አሻፈረኝ ብሎ ለንደን ድረስ ሄደ። እዚያ ዳኛ አልደርሰን በየካቲት 1854 ፈረዱ። ውል ያፈረሰ ሰው የሚክሰው ከነገሩ ተፈጥሮ የሚመጣውን ጉዳት፣ ወይም ሲዋዋሉ ሁለቱም ሊያስቡት የሚችሉትን ጉዳት ነው አሉ። ባለወፍጮ መለዋወጫ ዘንግ ሊኖረው ይችላል፤ ዘንጉ በመዘግየቱ ወፍጮው እንደሚቆም አመላላሹ በምን ያውቃል? ጉዳዩ እንደገና ይታይ ተባለ።

እዚህ ላይ ነገሩ አይዋጥልኝም። የፍርዱ መዝገብ መግቢያ ራሱ፣ የወንድማማቾቹ ሰው ወፍጮው ቆሟልና ቶሎ ይላክ ብሎ ለቢሮው ሠራተኛ እንደነገረው ይላል! ዳኞቹ ግን የተነገረው የወፍጮ ስባሪ ዘንግ መሆኑና ከሳሾቹ የዚያ ወፍጮ ባለቤቶች መሆናቸው ብቻ እንደሆነ አድርገው ፈረዱ። ሕጉ ጥሩ ሆኖ ባለጉዳዮቹ ተጎዱ ማለት ነው።

ደግሞ ስሙ። በክርክሩ ላይ ከዳኞቹ አንዱ፣ ፓርክ፣ ሚዛናዊው ደንብ ፈረንሳዮች በሕጋቸው ያኖሩት ነው ብለው ነበር። እኛም በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ስናወጣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። ቁጥር 1799 ካሣው ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ የሚደርሰውን ያህል ነው ይላል። ቁጥር 1801 ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጉዳት የሚከፈለው፣ ውሉ ሲደረግ ልዩ ሁኔታው ለባለዕዳው፣ ማለትም ውሉን መፈጸም ላለበት ሰው፣ ከተነገረው ነው ይላል። የግሎስተሩ ክርክር እንዲህ ዞሮ ዞሮ ቦንጋ ችሎት ሊቀርብ ይችላል።

አሁን በእኛው ቀዬ እናስበው። የቡና ለቀማ ወር ነው፤ የእሸት ቡና መፈልፈያው ሞተር ተሰበረ። ባለቤቱ ስባሪውን ለአይሱዙ ሾፌር ሰጥቶ ወደ ቦንጋ ላከ። ሾፌሩ ሌላ ጭነት ሲጠብቅ ቀናት አሳለፈ፤ ተለቅሞ የተከመረው እሸት ተበላሸ። ባለቤቱ ቢከስ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ እሸቱ ተከምሮ እንደሚጠብቅ ለሾፌሩ ሲያስረክብ ነግሮታል ወይ ነው። በአፍ ከነገረው ደግሞ ማን ሰማ?

ሾፌሩ አልተነገረኝም ቢልስ? እንግሊዝ አገር ይህ መልስ ጠቀመ። እኛ ዘንድ ግን ቁጥር 1801 ሌላ በር አለው፤ ባለዕዳው ለመጉዳት አስቦ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካጠፋ፣ ባይነገረውም ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ ይክሳል። እንግዲህ የባለመፈልፈያው ጠበቃ ሾፌሩን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ስባሪውን ጭነህ፣ እነዚያን ቀናት ምን ስትጠብቅ ነበር?