የጣና ሞገድ በመቋሚያ ላይ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አለቃ ገብረ ሐና ሲባል ቀድሞ የሚመጣላችሁ ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። ትንሽ ትልቁ የሳቸው ነው የሚለው አንድ ጨዋታ አያጣም፤ ሌላ ሰው የተናገረው ሁሉ ሳይቀር በሳቸው ስም ይወራል። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ሳቁ ስለ ሸፈነው ሰው፣ ስለ ጥበበኛው ገብረ ሐና ነው።

ፎገራ ማለት ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራ ደለላቸውን አንጥፈው ጣና የሚገቡበት ሜዳ ነው። እዚያ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ሐና ደስታ በ1814 ዓ.ም. እንደ ተወለዱ ይነገራል። አገሩ የዜማ አገር ነው። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ ይኬዳል፤ ሁለቱም በዛሬው ደቡብ ጎንደር ናቸው። እሳቸውም ቅኔውን፣ ፍትሐ ነገሥቱን፣ አቋቋሙን ጠንቅቀው ገና በወጣትነታቸው ጎንደር ላይ መምህር ሆኑ።

አቋቋም ምን እንደሆነ ላላያችሁት ልንገራችሁ። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። መጀመሪያ ዜማው ከበሮ ሳይነካ በቁም ይባላል። ከዚያ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ከትከሻ ይነሣል፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ወደ ግራ ይመለሳል፣ መሬቱን ይነካል። ከበሮና ጸናጽል ሲገቡ መረግዱ ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ በጽፋት ይሞቃል። ያው አንድ ቃል ነው እየተደጋገመ የሚባለው፤ አካሉ ግን በየዙሩ ሌላ ነገር ይሠራል።

እንግዲህ እንደሚተረከው፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን አለቃ ከንጉሡ ጋር አልስማማ ቢላቸው ከጎንደር ወጥተው ጣና ላይ ካለችው ከሬማ መድኃኔ ዓለም ገቡ። ደሴት ላይ ለተቀመጠ ሰው ከውኃው ሌላ የሚታይ ምን አለ? ሞገዱ ይመጣል፣ ይመለሳል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በነፋስ ይጎነበሳል፣ ቀና ይላል። ለሌላው ሰው ይህ ነፋስና ውኃ ብቻ ነው። ለአለቃ ግን ዝማሜ ሆኖ ታያቸው። መቋሚያውን እንደ ሞገዱ ለመምራት፣ ወገብንና ትከሻን ከደንገሉ ጋር ለማስማማት ይሠሩ ጀመር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የያሬድን ዜማ አልነኩም። አንድ ምልክት አልጨመሩም፣ አንድም አልቀነሱም። አዲስ ያደረጉት ዜማው በሰው አካል ላይ የሚሄድበትን መንገድ ነው። የወረሱትን ሳያፈርሱ የራሳቸውን ማምጣታቸው ነው እኔን የሚደንቀኝ። አገራችን ካፈራቻቸው ጥበበኞች መካከል እንዲህ ያለ ድፍረት ከእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ጋር የተገናኘለት ሰው ጥቂት ነው።

ጎንደር ግን አልተቀበላቸውም። ሊቃውንቱ የለመዱትን ላለመልቀቅ ጸኑ ይባላል። አለቃ ምን አደረጉ? ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ደግሞ ይዞት ደብረ ታቦር ወጣ፤ ደብረ ታቦርም ተቀበለችው። ለዚህ ነው ዛሬ ከጎንደሮቹ ከላይ ቤትና ከታች ቤት ጎን ለጎን ሦስተኛው ስልት «ተክሌ» እየተባለ የሚጠራው። ስሙ ለልጁ ሆነ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ አባትየው የተመኙት ሥራው እንዲኖር እንጂ ስማቸው እንዲጠራ አይመስለኝም።

ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር ከተማ የስሟ በዓል ነው። ውጭ ልጆች ቡሄ ሲሉ፣ ጅራፍ ሲጮህ፣ ውስጥ ማኅሌት ቆሞ ያድራል። ያን ሌሊት ብትገኙ ዓይናችሁን ከወጣቶቹ ላይ አታንሱ። የአቋቋም ተማሪ ዓመታት የሚለፋው መሪጌታ ለመባል ብቻ አይደለም። ሕልሙ አንድ ቀን የራሱን ጉባኤ ዘርግቶ፣ ወንበር ተክሎ፣ ከመምህሩ የተቀበለውን ለሌላ ማቀበል ነው። ተክሌ ከአባቱ የተቀበለውን ያሻገረው በዚሁ መንገድ ነው።

የምለምናችሁም ነገር አለኝ። ይህ ጥበብ ከአካል ወደ አካል የሚተላለፍ ነው፤ መጽሐፍ ብቻውን አይዘውም። መምህራኑ በሕይወት ሳሉ የእያንዳንዱ ዝማሜ አካሄድ ከእግር እስከ ራስ በምስል ይቀረጽ፣ ከየትኛው ዜማ ጋር እንደሚሄድ ከመምህራኑ አንደበት ይጻፍ። የአለቃን ቀልድ ሰብስበን አሳትመናል፤ ዝማሜያቸውስ?