ያልተሻረው ማብሪያ፦ ስለ ፊቸር ቶግል አጭር ታሪክ



አፄ ቴዎድሮስ በተቀመጡባት በዚህች በደብረ ታቦር አዲስ ሥርዓት የሚታወጀው ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። አዋጁ እዚህ ሲነገር ግን በዚያው ሰዓት በእስቴና በጋይንት አይሰማም፤ በመልእክተኛ እግር እስኪደርስ አንዱ ገበያ በአዲሱ፣ ሌላው በአሮጌው ይተዳደራል። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን ከዚያ ወረሰ። በእርሱ የሚወጣ አዋጅ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸናና የትኛውን ሕግ እንደሚሽር በመጨረሻዎቹ አንቀጾች ይናገራል። የሕግ ተማሪዎች እነዚህን አንቀጾች ሳያነቡ እንደሚያልፏቸው አውቃለሁ።

ፊቸር ቶግል በኮድ ውስጥ ያለ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። አዲሱ አሠራር ተጽፎ፣ ነገር ግን ጠፍቶ ይቀመጣል፤ ጊዜው ሲደርስ ይበራል። የፍሊከር መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ልማዳቸውን በጽሑፍ አስተዋውቀዋል። በአንድ ሰርቨር ላይ ነገሩ ቀላል ነው። አንድን ሥራ ብዙ ሰርቨሮች ተካፍለው ሲሠሩ ግን የነጋሪቱ ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. የደረሰበት ይኸው ነው። ድርጅቱ ለአዲስ አሠራር አዲስ ማብሪያ አላበጀም፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሥራ ላይ ያልዋለውን «ፓወር ፔግ» የተባለ ኮድ ያበራ የነበረውን ማብሪያ መልሶ ተጠቀመበት። አሮጌው ኮድ ግን አልተሰረዘም። አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ሲጫን ስምንተኛው ተዘነጋ። ማብሪያው ሲበራ ሰባቱ አዲሱን ሲፈጽሙ ስምንተኛው አሮጌውን ቀሰቀሰ። ትእዛዙ መሟላቱን የሚቆጥረው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ስለነበር፣ ያ ሰርቨር የሚያቆመው አጥቶ ትእዛዝ መላኩን ቀጠለ። ባለሙያዎቹ በጭንቀት አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ላይ አነሡ፤ ማብሪያው ግን እንደበራ ስለቆየ ሰባቱም ወደ አሮጌው ተመለሱ። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 የአክሲዮን ዓይነቶች ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ተፈጸመ፤ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ ስለ ስሕተቱ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች መላኩ ነው።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሲስተም ማሻሻያ ሥራ መሆኑን ገልጿል። የማብሪያ ጉዳይ ነበር አልልም። ሆኖም በየግቢው የተነሣው ክርክር ገንዘቡን ማን ወሰደ በሚለው ላይ ብቻ ማተኮሩ አላረካኝም፤ በዚያች ሌሊት የትኛው ሕግ በየትኛው ማሽን ላይ ይሠራ ነበር የሚለውም የሚጠየቅ ነው። የናይትን ዝርዝር የምናውቀው የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን በ2013 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን ይፋ ስላደረገ ነው።

እንግዲህ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ስታቀርቡ፣ እያንዳንዱን ማብሪያ ማን እንዳበራው፣ ሰርቨሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ኮድ መጫናቸው እንዴት እንደተረጋገጠና የሚሻርበት ቀን መቼ እንደሆነ እጠይቃለሁ።