ተከሳሽ ሲሞት፤ ስለ ወሎ ቅሬ ሥርዓት

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ሰው ሲሞት፣ የቅሬው፣ ማለትም የቀብር መረዳጃ ማኅበሩ፣ አባል የመርዶውን ጥሪ ሰምቶ፣ ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ፣ ነጋዴውም ሱቁን ዘግቶ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ወደ ሐዘኑ ቤት የሚገሠግሠው፣ ሟቹ ጻድቅ ነበር ወይስ በዳይ ብሎ ሳይመረምር ነው፤ የቀረ ይቀጣል፤ በእምቢታው የጸና ደግሞ ከቅሬ ይወጣል፤ ከዚህም የከበደ ውግዘት በአገሩ የለም።

ይሁን እንጂ ቀብር ዕዳን አይሽርም። በእስላሙ ዘንድ ሶላተል ጀናዛ ከመሰገዱ በፊት፣ አስከሬኑ በሰጋጆች ፊት እንዳለ፣ ወራሹ ቆሞ «ከሟቹ ላይ ገንዘብ ያለው እኔን ይጠይቅ» ይላል፤ በክርስቲያኑም ዘንድ ጸሎተ ፍትሐት ነፍስን ከማዕሠረ ኃጢአት ለመፍታት እንጂ የሰውን ገንዘብ ለማስቀረት አይደረግም።

በፍርድ ቤት የተከሰሰ ሰው ሲሞትም ይኸው የዕዳ ጥያቄ ይነሣል። በአሜሪካ የኤንሮን ኩባንያ መሪ የነበረው ኬኔት ሌይ በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ ቅጣቱ ሳይወሰን በሰኔ 1998 ዓ.ም. በልብ ሕመም ሲሞት፣ በኩባንያው ውድቀት ጡረታቸውን ያጡት ሠራተኞች ከፍርድ አመለጠ ብለው ተቆጡ፤ ሞቱን ራሱን የተጠራጠሩም ነበሩ፤ ይግባኙ ሳይሰማ ስለ ሞተም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነቱን ፍርድ ሰረዘው። በእኛም ሕግ የወንጀል ክስ በተከሳሹ ሞት ይቋረጣል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ዕዳው ከውርሱ እንዲከፈል ያዝዛል።

ሐዘንተኛን ማጽናናትና የተበዳይን ገንዘብ መጠየቅ በአንድ ቀን፣ በአንድ የቀብር ሜዳ እንዲፈጸሙ ያደረጉት አበው አስተዋዮች ነበሩ። የቅሬ ሽማግሎች ሆይ፣ ይህን ሥርዓት ለልጆቻችሁ በጽሑፍ አቆዩላቸው።