ሁለት ሥራ የተጫነበት ቆጣሪ
የመኪና ማቆሚያ ክፍያ አመጣጥ

አውቶሞቢል የሚሠራው ለመሄድ ቢሆንም አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። ሆኖም የከተማ መሐንዲስ ስለ ተሽከርካሪ ሲያስብ አስቀድሞ የሚታየው የመንገዱ ስፋት፣ የመስቀለኛው ቅርጽና የድልድዩ ጥንካሬ ነው። መኪናው ካሰበው ስፍራ ከደረሰ በኋላ የት ይቆማል? ለምን ያህል ጊዜስ ይቆማል? የሚለው ጥያቄ ለረጅም ዘመን ባለቤት አላገኘም ነበር። ጥያቄው መልስ ማግኘት የጀመረው በዩናይትድ ስቴትስ፣ በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ፣ በ1935 ዓመት ሲሆን፣ መልሱም በአንድ የብረት ምሰሶ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰዓት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእርግጥ የመንገድ መጣበብ ከአውቶሞቢል ጋር የመጣ ችግር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ በዩልዮስ ቄሳር ዘመን የወጣው ሕግ ጋሪዎች ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ እስከ ዐሥረኛው ሰዓት ድረስ ወደ ሮማ ከተማ እንዳይገቡ ከልክሎ፣ ለቤተ መቅደስ ሥራ የሚሆን ዕቃ የሚያመጡትንና የመሳሰሉትን ብቻ ፈቅዶ ነበር። ከዚህም የተነሣ የሮማ ሰው ቀን ቀን በእግሩ እንደ ልቡ ሲመላለስ ይውልና ሌሊት በጋሪ ድምፅ እንቅልፍ ያጣ ነበር። ችግሩ ግን የመሄድ እንጂ የመቆም አልነበረም። ጋሪው ዕቃውን አራግፎ ወደ ጋጣው ይመለሳል። አውቶሞቢል የተለየ ባሕርይ አለው። ባለቤቱ ለሥራ ከቢሮ ገብቶ ሲውል መኪናውም በደጅ ትውላለች።

የኦክላሆማ ከተማ ነጋዴዎች እሮሮ የተነሣውም ከዚህ ነበር። በ1928 ዓመት በከተማይቱ አካባቢ የነዳጅ ዘይት ከተገኘ ወዲህ ሕዝቡም መኪናውም በዛ። በመሐል ከተማ በሱቆች ፊት ለፊት ያለውን የመንገድ ዳር ማለዳ ቀድመው የሚይዙት ገዢዎች ሳይሆኑ በዚያው ሰፈር በየቢሮውና በየሱቁ ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ለገበያ የሚመጣው ሰው ማቆሚያ አጥቶ ይዞር ይዞርና ሳይገዛ ይመለሳል። ከተማይቱ የሰዓት ገደብ ማውጣቷ አልቀረም። ነገር ግን ገደቡን የሚያስከብረው መሣሪያ ጠመኔ ነበር። ፖሊሱ የእያንዳንዱን መኪና ጎማ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ተመልሶ መጥቶ ምልክቱን ባለበት ካገኘው ይከሳል። እንግዲህ አንድ መኪና ለመቆጣጠር አንድ ፖሊስ ሁለት ጊዜ መመላለስ ሊኖርበት ነው። ባለ መኪናውም መሀረቡን አውጥቶ ጠመኔውን ቢጠርገው፣ ወይም መኪናውን አንድ ክንድ ያህል ገፋ ቢያደርጋት፣ ማስረጃው ሁሉ ይጠፋል። በጠመኔ የሚጠበቅ ሕግ ከሕግነቱ ይልቅ ልመናነቱ ያመዝናል።

ይህን ጉዳይ እንዲያጠና በከተማይቱ የንግድ ምክር ቤት የተመረጠው ሰው መሐንዲስ አልነበረም። ሚስተር ካርል ማጊ ጠበቃና ጋዜጠኛ ነበሩ። ቀደም ሲል በኒው ሜክሲኮ ጋዜጣ ሲያዘጋጁ፣ የዩናይትድ ስቴትስ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት አልበርት ፎል የመንግሥትን የዘይት መሬት ለግል ኩባንያዎች በማከራየት ጉቦ መቀበላቸው በተጋለጠበት፣ “ቲፖት ዶም” ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ ብዕራቸውን ካነሡት ሰዎች አንዱ ናቸው። በዚህም ብዙ ጠላት አፍርተዋል። በ1927 ዓመት ወደ ኦክላሆማ ከተማ መጥተው ሌላ ጋዜጣ ያዘጋጁ ጀመር። የሕዝብን ንብረት ለግል ጥቅም ማዋልን ሲቃወም የኖረ ሰው የመንገድ ዳር ጥያቄ በእጁ መግባቱ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ በኋላ ስለ ቺካጎ ከተማ ስንናገር ልናስታውሰው የሚገባ ነገር ነው።

ሚስተር ማጊ ሐሳቡን አፍልቀው የመጀመሪያውን ንድፍ ሠሩ፤ ነገር ግን መሣሪያው ገና ብዙ መሻሻል እንደሚቀረው ገባቸው። ስለዚህ በስቲልዎተር ከተማ የሚገኘው የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ የምህንድስና ተማሪዎች እንዲወዳደሩበት አደረጉ። ከውድድሩ የተገኙት ሥራዎች ለጎዳና የሚበቁ ሆነው ስላልተገኙ፣ የኢንዱስትሪ ምህንድስና መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ቱሰንና የዚያው ኮሌጅ ምሩቅ የሆኑት ሚስተር ጄራልድ ሄል ሥራውን ተረከቡ። ከእጃቸው የወጣው የመጀመሪያው የሚሠራ ቆጣሪ ቀለሙ ጥቁር ስለነበር “ጥቁሯ ማሪያ” የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

የመሣሪያው አሠራር ዛሬ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ባለ መኪናው ሳንቲሙን ከቀዳዳው ይከታል፤ ቀጥሎም እጀታውን ያዞራል። ሳንቲሙ ከሌለ እጀታው ከውስጡ ጥርስ ጋር አይገናኝም። ሳንቲሙ ካለ ግን ሰውየው በገዛ ክንዱ ሞላውን ይጠመዝዛል፤ ሞላውም ሰዓቱን ያንቀሳቅሳል፤ መርፌው ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ጊዜው ሲያልቅ አንድ ምልክት ብቅ ይላል። የንድፉ ጥበብ ያለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ መሣሪያው የሚሠራበትን ጉልበት የሚሰጠው ተጠቃሚው ራሱ ነው፤ በየጎዳናው ኤሌክትሪክ መዘርጋት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ፖሊሱ ከሩቅ አይቶ ያልፋል። ሁለት ጊዜ መመላለስ ቀረ፤ ጠመኔም ቀረ። ይህን መሣሪያ ፀሐይና ዝናብ፣ አቧራና ውርጭ፣ ከዚያም በላይ የሐሰት ሳንቲም ለመክተት የሚሞክር የሰው ተንኮል እንዲችል አድርጎ መሥራት ግን ቀላል አልነበረም። ፋብሪካ ተፈልጎ የተገኘውም በተልሳ ከተማ ሲሆን፣ ድርጅቱ ቀድሞ ለነዳጅ ጉድጓድ የሚያገለግል ፈንጂ ጊዜውን ጠብቆ እንዲፈነዳ የሚያደርግ ሰዓት ይሠራ ነበር። ከምድር በታች በጭቃና በግፊት መካከል የማይሳሳት ሰዓት የሠራ እጅ ለጎዳና የሚሆነውን ቢሠራ አያስገርምም።

ሐምሌ 16 ቀን 1935 የመጀመሪያው ቆጣሪ ፈርስት ስትሪትና ሮቢንሰን አቬኑ በሚባሉት መንገዶች መገናኛ ተተከለ። ዋጋው ለአንድ ሰዓት አምስት ሳንቲም ነበር። በመንገዱ ላይ እያንዳንዱ መኪና የሚቆምበት ስፍራ በቀለም ተሰምሮ፣ በየስፍራው ራስ አንዳንድ ቆጣሪ ቆመ። በመጀመሪያ የተተከለው በመንገዱ በአንድ ወገን ብቻ ስለነበር፣ ቆጣሪ ያለበትና የሌለበት ወገን ጎን ለጎን የሚታይ ፈተና ሆነ። ቆጣሪ ባለበት ወገን መኪናው ቶሎ ቶሎ እየተለዋወጠ ባዶ ስፍራ ሲገኝ፣ በሌላው ወገን የቀድሞው መተፋፈግ እንዳለ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ በወዲያኛው ወገን ያሉት ነጋዴዎች “ለእኛም ይተከልልን” ብለው ጠየቁ። አንድ አዲስ መሣሪያ ይህን የመሰለ ግልጽ ምስክርነት የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

የፈጠራው ባለቤቶች ያቋቋሙት ኩባንያ “ዱዋል” ተባለ፤ ትርጉሙ “ድርብ” ማለት ነው። ምክንያቱም ቆጣሪው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ማቆሚያን ይቆጣጠራል፣ ገንዘብም ያስገባል። የመሣሪያው ታሪክ በሙሉ በዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ተጠቃሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክርክሩ የተነሣው ወዲያው ነው። መንገድ የሕዝብ ነው፤ በሕዝብ መንገድ ላይ ለመቆም ዋጋ መጠየቅ በሕግ ያልተወሰነ ግብር መጣል ነው የሚሉ ሰዎች ከተሞችን በፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1937 ዓመት የአላባማ ክፍለ ሀገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት የበርሚንግሃም ከተማ ያወጣችውን የቆጣሪ ደንብ ሻረው። በሌሎች ክፍለ ሀገሮች ደግሞ ዳኞች ለከተሞቹ ፈረዱ። ለከተሞቹ የፈረዱት ዳኞች የያዙት መለኪያ፣ ክፍያው ተራ ለማስከበር የሚያስፈልገውን ወጪ ለመሸፈን ከሆነ ሥርዓት ማስከበር ነው፤ ከዚያ አልፎ ግምጃ ቤት ለመሙላት ከሆነ ግን ግብር ነው የሚል ነበር። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው፤ ዳሩ ግን ሳንቲሙ አንድ፣ ቀዳዳውም አንድ ስለሆነ፣ የትኛው ሳንቲም ለሥርዓት፣ የትኛው ለግምጃ ቤት እንደሆነ የሚለይ ዳኛ አልተገኘም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በዩናይትድ ስቴትስ ከተሞች ከመቶ ሺህ በላይ ቆጣሪዎች ቆመው ነበር። ሚስተር ማጊ በ1946 ዓመት ሲያርፉ የዚህን ማሸነፍ አይተዋል።

አውሮፓ ዘግይታ ተከተለች። ፓሪስ በ1957 ዓመት የመረጠችው ሳንቲም የማይጠይቅ ዘዴ ነበር። ባለ መኪናው የደረሰበትን ሰዓት በካርቶን ክብ ላይ አዙሮ ያመለክትና ከመስታወቱ በስተጀርባ ያስቀምጠዋል፤ ሰማያዊ ቀጠና በተባለው ስፍራ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ አይቆምም። ይህ ዘዴ ቆጣሪው ካሉት ሁለት ሥራዎች አንዱን ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ንጹሕ ነው፤ ድካሙ ሰዓቱን የሚያዞረው ያው ባለጉዳዩ ራሱ መሆኑ ነው። ለንደን በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ወር በሜይፌር ሰፈር ለሰዓት ስድስት ፔንስ የሚቀበሉ ቆጣሪዎችን ተከለች። በ1960 ዓመትም ለዚሁ ተግባር ብቻ የሚያገለግሉ፣ ከፖሊስ የተለዩ ተቆጣጣሪዎችን አሰማራች።

ከዚህ በኋላ ለብዙ ዓመታት በመሣሪያው ላይ እንጂ በሐሳቡ ላይ የታየ ለውጥ እምብዛም አልነበረም። ለውጡን ያመጡት መሐንዲሶች ሳይሆኑ የኢኮኖሚ ሊቃውንት መሆናቸው ለሙያው ሰው ጥቂት የሚያሳፍር ነገር ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ቪክሪ በ1954 ዓመት ባወጡት ጽሑፍ፣ የማቆሚያ ዋጋ ቁጥሩ የማይለወጥ መሆን እንደሌለበት፣ ስፍራው ሲጣበብ የሚጨምር፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ እስከ ዜሮ የሚቀንስ መሆን እንዳለበት አመለከቱ። በሞላ የሚሠራ ሰዓት ይህን ማድረግ አይችልም ነበርና ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀረ። እኚህ ሰው በ1996 ዓመት የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው በተነገረ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ሐሳባቸውን አንሥተው ያስፋፉት በሎስ አንጀለስ ያስተማሩትና በ2025 ዓመት ያረፉት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ናቸው። በ2005 ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ነጻ የሚባለው ማቆሚያ ከቶ ነጻ እንዳልሆነ፣ ዋጋውን መኪና የሌለው ሰው ጭምር በቤት ኪራይና በሸቀጥ ዋጋ ውስጥ እንደሚከፍለው አስረዱ። ለትክክለኛ ዋጋ የሰጡት መለኪያ ለመሐንዲስ ጆሮ የሚስማማ ነው፤ በእያንዳንዱ የመንገድ ወገን አንድ ወይም ሁለት ባዶ ስፍራ እስኪተርፍ ድረስ፣ ማለትም ከመቶ 85 ያህሉ እስኪያዝ ድረስ፣ ዋጋውን ማስተካከል።

ሳን ፍራንሲስኮ በ2011 ዓመት ይህንኑ ፈተነችው። ወደ 7,000 በሚጠጉ የመንገድ ዳር ስፍራዎች ጠቋሚ መሣሪያ በአስፋልቱ ውስጥ ተቀብሮ፣ ስፍራው መያዙንና አለመያዙን እየተናገረ፣ ዋጋው በየጥቂት ሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ይጨመርና ይቀነስ ጀመር። ብዙ ሰው የፈራው ዋጋው ሽቅብ እንዳይወጣ ነበር። ሙከራው ሲያበቃ ግን አማካዩ የሰዓት ዋጋ በ11 ሳንቲም ቀንሶ ተገኘ። በተጨናነቁት ጎዳናዎች ቢጨምርም፣ ጥቂት ርቀው ባሉት ላይ የቀነሰው በልጦ ነበርና። ቀደም ብላም ፓሳዲና የተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ በ1993 ዓመት በአሮጌው የገበያ ሰፈሯ ቆጣሪ ስትተክል፣ ተቃውሞ ያነሡትን ነጋዴዎች ያግባባቻቸው ገቢው እዚያው ሰፈር የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ጽዳት ላይ እንዲውል በመወሰን ነው።

የቺካጎ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። በታኅሣሥ ወር 2008 የከተማይቱ ምክር ቤት ወደ 36,000 የሚጠጉትን ቆጣሪዎች ለ75 ዓመት ለአንድ የባለገንዘቦች ኩባንያ በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ለማስረከብ፣ ሰነዱ ከቀረበለት በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በ40 ድምፅ ለ5 ወሰነ። የከተማይቱ ዋና ኢንስፔክተር በሚቀጥለው ዓመት መርምሮ፣ ንብረቱ ከተሸጠበት ዋጋ 974 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚበልጥ ገለጸ። የመሐል ከተማው ዋጋ በሰዓት ከ3 ዶላር ተነሥቶ በ2013 ዓመት 6.50 ዶላር ደረሰ። ገንዘቡ አብዛኛው የበጀት ጉድለት ለመሙላት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። ኩባንያው በበኩሉ ገና ስድሳ ዓመት ያህል የውል ዘመን እየቀረው የከፈለውን ዋና ገንዘብ መልሶ አገኘ። ለመሐንዲስ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ከተማይቱ ለአውቶቡስ ወይም ለብስክሌት መሥመር፣ ለመንገድ ጥገና ወይም ለበዓል ስትል ቆጣሪ ያለበትን ስፍራ ብትዘጋ ለኩባንያው ካሣ መክፈል አለባት። የገዛ ጎዳናዋን አቀማመጥ ለመለወጥ ባለ ዕዳ ሆነች። “ድርብ” ከተባለው መሣሪያ ሁለት ሥራዎች አንዱ ተሸጦ ሁለተኛውን ይዞት ሄደ።

የመክፈያው መንገድ በዚህ መካከል ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በየስፍራው ይቆም የነበረው ምሰሶ ለብዙ መኪና በሚያገለግል አንድ የትኬት ማሽን ተተካ፤ ከሳንቲም በኋላ ካርድ፣ ከካርድ በኋላ የእጅ ስልክ መጣ። በብዙ ከተሞች ዛሬ ተቆጣጣሪው የሚያየው መርፌ ሳይሆን የሰሌዳ ቁጥር ነው። የክፍያው ማስረጃ በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ በመዝገብ ውስጥ ያለ ስም ሆነ።

በአዲስ አበባ የመንገድ ዳር ክፍያ የተደራጀው ከዚህ በተለየ ሁኔታ ነው። ምሰሶውን የተካው ሰው ነው፤ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የሰሌዳ ቁጥርና የደረሰበትን ሰዓት በደረሰኝ ላይ ጽፈው ከመስታወቱ ጠራጊ ሥር ሲሰኩ ቆይተዋል። የሥራ ዕድል መፍጠሩ የማይናቅ ነው። ከቴክኒክ አንጻር ሲታይ ግን በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ሰዓት በከተማዋ የትራፊክ ጥናት ውስጥ ሊገባ የሚገባው ቁጥር ነው። በየትኛው ጎዳና፣ በየትኛው ሰዓት፣ ስንት መኪና ለምን ያህል ጊዜ ቆመ የሚለውን ለማወቅ ሳን ፍራንሲስኮ በአስፋልት ውስጥ መሣሪያ መቅበር አስፈልጓት ነበር። በእኛ ዘንድ ያው ቁጥር በደረሰኙ ላይ በእስክሪብቶ ሲጻፍ ቆይቷል። ደረሰኙ ከሒሳብ ክፍሉ አልፎ ወደ መንገድ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ቢደርስ፣ መስቀል አደባባይ ሥር በ2021 ዓመት እንደተከፈተው ያሉ የምድር ውስጥ ማቆሚያዎች ወደፊት የት ቢሠሩ እንደሚጠቅም ለመወሰን የሚያገለግል ጥናት ግማሹ ተሠርቶ ይገኛል።