ዜሮ ባይት እና ፊደላት፦ የሲ ፕሮግራሞች የጽሑፍ ልወጣ ታሪክ

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚመድብና ቁጥሩ በባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያለውን አንድ ቁጥር በሚይዝ የማከማቻ አሐድ፣ እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስን ስምምነት ያስፈልገዋል፤ ይህም የፊደል ኮድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ 128 ምልክቶችን ብቻ የሚይዝ ነበር። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ የቀረጸው የሲ ቋንቋም ጽሑፍን በተከታታይ ባይቶች አስቀምጦ ማብቂያውን በዜሮ ባይት ማመልከትን ሥርዓቱ አደረገ።

ይህ ሥርዓት ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት በአንድ ሰንጠረዥ ለመሰብሰብ ሲነሣ እንቅፋት ሆነ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፊደል በሁለት ባይት በሚጻፍበት በመጀመሪያው ዕቅድ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁሉ ዜሮ ባይት ስለሚይዙ፣ የሲ ፕሮግራም ጽሑፉ ያለቀ መስሎት መንገድ ላይ ያቆም ነበር። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተቱ 4608 የተሰጠው «ሀ»ም በሁለት ባይት ሲጻፍ 18 እና 0 ስለሚሆን ከዚህ ችግር አያመልጥም።

መፍትሔው ዩቲኤፍ-8 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1992 ኬን ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር በኒው ጀርሲ ፕላን 9 ለተባለው ሥርዓተ ክወና የነደፈው ነው። በዚህ ኮድ የአስኪ ምልክቶች እንደነበሩ በአንድ ባይት ሲቀሩ፣ ሌሎቹ ከ127 በላይ በሆኑ በርካታ ባይቶች ይጻፋሉ፤ «ሀ» 225፣ 136 እና 128 ስለሚሆን ዜሮ አይገባበትም፤ ነባር የሲ ፕሮግራሞችም ጽሑፉን ሳይቆርጡ ያሳልፉታል።

በቀድሞ ኮዶች የተጻፈው ግን መለወጥ ነበረበት። ለዚህም ኤክስ/ኦፕን የተባለው የኩባንያዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው መስፈርት አይኮንቭ የተሰኘውን የልወጣ ሥርዓት አካተተ። ፕሮግራሙ የምንጩንና የመድረሻውን ኮድ ስም ጠቅሶ ልወጣውን ይከፍታል፣ ባይቶቹን በየክፍሉ ያቀብላል፣ በመጨረሻም ይዘጋል። አይኮንቭ የማያውቀው ባይት ሲገጥመው፣ የመድረሻው ቦታ ሲሞላ ወይም ፊደል መሐል ላይ ተቆርጦ ሲመጣ ለየብቻው ምልክት ይሰጣል፤ የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት ስለሚይዙ፣ ፋይልን በቁራጭ የሚያነብ ፕሮግራም የተረፈውን ባይት ይዞ ከቀጣዩ ቁራጭ ጋር ካላጋጠመው ጽሑፉ ይበላሻል።

ከዩኒኮድ በፊት ለአማርኛ የተሠሩት ፎንቶች ግን የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ቁጥሮች ላይ የሚያሰፍሩ፣ ቦታ ሲጠባቸውም በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት የሚያከፋፍሉ ስለነበሩ፣ እነርሱን ለመለወጥ ለየፎንቱ የተለየ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ነበር። ፎንቱ የትኛው እንደሆነ ባይቶቹ ራሳቸው ስለማይናገሩ፣ የድሮ ሰነድ የሚያስቀምጥ መዝገብ ቤት ከፋይሉ ጋር የፎንቱን ስም መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል።