«ሰው-ወር» እና «ምስለት»፤ የሁለት ሙያ ቃላት ታሪክ

አንድ የሙያ ቃል ወደ ቋንቋችን ሲመጣ፣ አቻውን ከመፈለግ አስቀድሞ በተወለደበት ሙያ ውስጥ ምን እንደ ሠራ፣ አንዳንዴም ምን እንዳበላሸ መመርመር ይገባል ብለን እናምናለን። የሶፍትዌር ሥራን የሚመሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት «ሰው-ወር» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቃሉ መስፈሪያ ነው፤ አንድ ሠራተኛ በአንድ ወር የሚያከናውነውን ሥራ ያመለክታል።

እንዲህ ያለ መስፈሪያ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገበሬው «ጥማድ» ሲል አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን መሬት ማለቱ ነው። አራት ጥማድ መሬት አንድ ጥንድ በሬ በአራት ቀን ወይም አራት ጥንድ በአንድ ቀን ቢያርሰው ልኩ አይዛባም፤ አንደኛው አራሽ ሌላውን ሳይጠይቅ ፈሩን ይዞ ይሄዳልና። የሶፍትዌር ሥራ ግን እንዲህ አይከፈልም። የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር መገጣጠም ስላለበት ሠራተኞቹ እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው። በአሥር ሰዎች መካከል ያለው የጥንድ ግንኙነት 45 ሲሆን፣ በመቶ ሰዎች መካከል 4,950 ይደርሳል። በመስፈሪያው ግን አሥር ሰው በአሥር ወር፣ መቶ ሰውም በአንድ ወር፣ እኩል 100 ሰው-ወር ናቸው።

የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያን ኦ.ኤስ./360 የተባለ ሥርዓት ዝግጅት የመሩት ፍሬድሪክ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ወቀሳውን በቃሉ ላይ አሳረፉት፤ የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ሰው-ወርን ተረት ያደርገዋል። ሰውና ወር አንዱ በሌላው የሚለወጥ አስመስሎ ስለሚያሳይ ቃሉ ያሳስታል፤ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመርም ይበልጥ ያዘገየዋል አሉ። ይህ የብሩክስ ሕግ ተባለ፤ ነገሩን እጅግ እንዳቃለሉት ግን ራሳቸውም አልሸሸጉም።

ሕጉን ለመፈተን አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሰው ጨምሮና ሳይጨምሩ፣ ማሠራት ያስፈልጋል፤ ይህን ወጪ የሚሸከም ደግሞ አይገኝም። መውጫው ከሌላ መስክ መጣ። ጄይ ፎሬስተር የፋብሪካን የምርትና የሠራተኛ መዋዠቅ በቀመር አምሳያ የማጥናትን ስልት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አበጅተው እ.ኤ.አ. በ1961 በመጽሐፍ አውጥተው ነበር። በዚያው ተቋም ታሬክ አብደል-ሐሚድ በ1984 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ ኋላም በ1991 ከስቱዋርት ማድኒክ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ስልቱን በሶፍትዌር ሥራ አመራር ላይ አዋሉት። ለእኛ ለቋንቋ ባለሙያዎች ዋናው ቁም ነገር፣ አምሳያው ሰው-ወርን መፈታታቱ ነው። አዲስ ገቡ ከነባሩ ተለየ፤ ነባሩ አዲሱን ለማሠልጠን የሚያውለው ጊዜ፣ በመነጋገር የሚያልፈው ጊዜ፣ የስሕተት መፈጠርና መታረም፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስም አገኙ። ከናሳ ጎዳርድ ማእከል በተገኘ የአንድ ሥራ መረጃም አምሳያውን ፈተኑት። በዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ወጪውን ምንጊዜም እንደሚያበዛ፣ ማለቂያውን ግን ሁልጊዜ እንደማያዘገይ ታየ። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ የጊዜ ግምቱ ራሱ የሠራተኛውንና የመሪውን አድራጎት ስለሚለውጥ፣ የተለየ ግምት የተለየ ሥራ የሚወልድ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ይህን ስልት በአማርኛ ምን እንበለው? «ማስመሰል» አያረካንም፤ በዕለት ንግግር «አስመሳይ» ግብዝ ነው፤ ስልቱ ግን ማታለያ ሳይሆን ማታለያን መግለጫ ሆኖ አግኝተነዋል። «ምስለት» ከዚያው ሥር ቢወጣም ነቀፌታው አልተጫነበትምና ለሂደቱ እርሱን እንመርጣለን። ለተሠራው ነገር «አምሳያ» ይሻላል፤ «ሞዴል» በንብረት ክፍል ዘንድ ቁጥር ያለው ቅጽ ነው፤ «ሞዴል 19» ሲባል ስለ ቀመር የሚያስብ ሠራተኛ የለም። «ሰው-ወር» ግን እንዳለ ይቆይ፤ «የሥራ ወር» ብሎ ማለስለስ ብሩክስ የነቀፉትን ጥምረት ይሸሽገዋል፤ በመካከሉ ያለው ጭረትም አይውጣ።