ዜና መዋዕል ዘፓይተን

በ1982 ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ ፈረንጆች የ1989ን ገና በሚያከብሩበት ሰሞን፣ በአምስተርዳም ከተማ ጊዶ ቫን ሮሰም የሚባል የ33 ዓመት ፕሮግራመር ነበረ። የሚሠራበት የኔዘርላንድ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ማዕከል ለበዓሉ ሊዘጋ ነው። ጊዶ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ነበረው፤ የሚያጣድፈው ሥራ ግን አልነበረም። እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ብሎ አዲስ የስክሪፕት ቋንቋ መጻፍ ጀመረ። ስሙንም ከሚወደው የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ ከሞንቲ ፓይተን፣ ወስዶ ፓይተን አለው። ከዚህ በኋላ በዚህ ዜና የሚነሣው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። በዚያው ማዕከል ላምበርት ሜርተንስና ባልደረቦቹ ኤቢሲ የተባለ ቋንቋ ሠርተው ነበር፤ ጊዶም በዚህ ሥራ ለዓመታት አብሯቸው ደክሟል። ኤቢሲ ለጀማሪ የሚመች፣ ንጹሕ ቋንቋ ነበር። ዝግ መሆኑ ግን ጎዳው፤ ተጠቃሚው የጎደለውን ሊጨምርበት አይችልምና ሳይስፋፋ ቀረ። ጊዶ ኋላ አሚባ ወደተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክት ተዛወረ። በዚያ ለሲስተሙ አስተዳደር የሚያስፈልጉትን ትንንሽ ፕሮግራሞች በሲ ቋንቋ መጻፍ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ በሼል ስክሪፕት እንዳይጻፉ ደግሞ ሼሉ የአሚባን የውስጥ ጥሪዎች አያውቅም። በሁለቱ መካከል የሚቆም፣ ቶሎ የሚጻፍ፣ ግን እስከ ሲስተሙ ሆድ ድረስ የሚዘልቅ ቋንቋ አስፈለገ። ፓይተን የተወለደው ይህን ችግር ለማቃለል ነው።

ከኤቢሲ የወረሰው አንድ ልማድ ብዙ አከራክሯል። ሌሎች ቋንቋዎች የኮድን ክፍል በቅንፍ ሲያጥሩ ፓይተን ከመስመሩ መነሻ ገባ አድርጎ በመጻፍ ይለያል። ባዶ ቦታ እንዴት ትርጉም ይኖረዋል ብለው የተቆጡ ፕሮግራመሮች ጥቂት አልነበሩም። ጊዶ ግን አልተመለሰም፤ ደግ አደረገ። የአንዱን ሰው ኮድ ሌላው ሳይቸገር እንዲያነብ ካስቻሉት ነገሮች መካከል ይህን የሚያህል የለም።

በፌብሩዋሪ 1991 ቋንቋው 0.9.0 የሚል ቁጥር ይዞ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ወጣ። በ1994 መጀመሪያ 1.0 ሆነ። በዚያው ዓመት ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ጊዶን አውቶቡስ ቢገጨው ፓይተን ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ሥራቸው በዚህ ቋንቋ ላይ የተመሠረተ ሰዎች ሁሉ ቋንቋው በአንድ ሰው ትንፋሽ መንጠልጠሉ ያሳስባቸው ጀምሮ ነበርና ጥያቄው የተገባ ነበር። በኖቬምበርም በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በሜሪላንድ፣ የፓይተን ሰዎች የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን አደረጉ። በ1995 ጊዶ አትላንቲክን ተሻግሮ በቨርጂኒያ ሬስተን ከተማ ሥራ ያዘ። ባልንጀሮቹም «የዕድሜ ልክ ደግ አምባገነን» የሚል የጨዋታ ማዕረግ ሰጡት። ማዕረጉ ቢቀለድበትም ሥልጣኑ ቀልድ አልነበረም፤ ክርክር ሁሉ ተካሂዶ ሲያበቃ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነበር።

የአገዛዙ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ከ2000 ጀምሮ ቋንቋው እንዲለወጥ የሚፈልግ ሁሉ ፔፕ የተባለ የማሻሻያ ሐሳብ ይጽፋል፤ በውስጡም ምን እንደሚለወጥ፣ ለምን እንደሚለወጥ፣ ምን ሌላ አማራጭ ታይቶ እንደተጣለ ያስረዳል። ሌሎቹ ይከራከሩበታል፤ ጊዶ ይፈርዳል። በ2003 ቅድመ ሁኔታን በአንድ መስመር ስለመግለጽ በቀረበው ፔፕ 308 ላይ ድምፅ እስከ መስጠት ተደረሰ፤ አማራጩ ከመብዛቱ የተነሣ ግልጽ አሸናፊ ጠፋ። ጊዶ ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ ወሰነ፤ ውሳኔውም በ2006 በወጣው 2.5 ላይ ሰፈረ። ብዙ ሰው ተስማምቶ መምረጥ ሲያቅተው አንድ ሰው የቆረጠው ነገር በሰላም ተቀባይነት ማግኘቱ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር።

ሳይንቲስቶችም ወደዚህ ችሎት መጡ። በ1995 ጂም ሁጉኒን ኑመሪክ የተባለውን የቁጥር ሰንጠረዥ ማስሊያ መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ ኑምፓይ የምንለው የዚያ ዝርያ ነው። ፓይተን ከሰንጠረዥ ላይ ረድፍና ዓምድ የሚቆረጥበትን አጻጻፍ ያሰፋው እነዚህ ሰዎች ስለጠየቁ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2014፣ ናታኒየል ስሚዝ ለማትሪክስ ብዜት የራሱ ምልክት እንዲሰጠው በፔፕ 465 አመለከተ። የቀረበው አቤቱታ ለሌላው አርአያ የሚሆን ነበር፤ ሒሳበኞች በወረቀት ላይ በአንድ መስመር የሚጽፉት ቀመር በኮድ ሲጻፍ እንዴት በቅንፍ ላይ ቅንፍ እንደሚደራረብ በምሳሌ አሳየ። ተፈቀደለት። በ2015 በ3.5 ወጣ።

አሁን ወደ ታላቁ መለያየት እንምጣ።

ዲሴምበር 3 ቀን 2008 ፓይተን 3 ታወጀ። ከቀድሞው ጋር ሆን ተብሎ የማይስማማ ነበር። በፓይተን 2 ሰባትን ለሁለት ያካፈለ ሰው 3 ያገኝ ነበር፤ በአዲሱ 3.5 ያገኛል። ከሁሉ የከበደው ለውጥ ግን በጽሑፍና በባይት መካከል የተተከለው ድንበር ነው። ይህ ነገር ለግእዝ ፊደል ምን ማለት እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ፊደላችን በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አግኝቷል፤ በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። እንዲህ በተቀመጠ ፋይል ውስጥ «ሰላም» ብሎ ጽፎ ርዝመቱን ፓይተን 2ን የጠየቀ ሰው፣ ከቃሉ ፊት የዩኒኮድ ምልክት ካላስቀደመ በቀር፣ ዘጠኝ የሚል መልስ ያገኝ ነበር። የመጀመሪያውን ፊደል ስጠኝ ቢለው «ሰ»ን አይሰጠውም፤ የ«ሰ»ን ሲሶ፣ 225 የሚል ቁጥር ያለውን አንድ ባይት ብቻ ይሰጠዋል። ፓይተን 3 ግን ርዝመቱን ሦስት ይላል፤ የመጀመሪያውም ፊደል «ሰ» ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዝ በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሁሉ አይታየውም። በአማርኛ ለሚጽፍ ግን ቃልን መቁጠር፣ መቁረጥና መፈለግ የሚቻለውና የማይቻለው በዚህ ድንበር ነው።

ከዚያው ለውጥ ጋር በ2007 ማርቲን ፎን ሎቪስ ያቀረበው ፔፕ 3131 አብሮ ገባ። ሐሳቡ በፕሮግራም ውስጥ የሚሰጡ ስሞች በየትኛውም አገር ፊደል ይጻፉ የሚል ነው። የተቃወሙት ብዙ ነበሩ። ፊደሉን የማያነብ ሰው ስሕተቱን እንዴት ያርማል አሉ፤ በመልክ የሚመሳሰሉ የተለያዩ አገሮች ፊደላትም ያሳስታሉ አሉ። ስጋታቸው እውነትነት ነበረው። ጊዶ መካከለኛውን መንገድ ያዘ፤ ከቋንቋው ጋር የሚመጡት ዋና ዋና መሣሪያዎች በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲቀሩ፣ ተጠቃሚው ግን በራሱ ኮድ ነጻ እንዲሆን ፈቀደ። ስለዚህ ዛሬ የሂሳብ ሠራተኛ ለራሱ በሚጽፈው ስክሪፕት ውስጥ

ጠቅላላ = ዋጋ * ብዛት

ብሎ ቢጽፍ፣ ዋጋውና ብዛቱ አስቀድመው እስከተሰጡ ድረስ፣ ፓይተን 3 ያለ አንዳች ቅሬታ ያሰላለታል። የግእዝ ቁጥር ነገር ደግሞ የተለየ ነው። «፩»ን ወደ ተራ ቁጥር ለውጥልኝ ሲባል ፓይተን እምቢ ይላል፤ የግእዝ አኀዝ ዜሮ የለውም፤ እንደ 10 እና 100 በቦታ ደረጃም አይጻፍምና። የዩኒኮድ መዝገቡን እንዲያይ ሲጠየቅ ግን «፼» 10000 መሆኑን ያውቃል።

መለያየቱ ከባድ ዋጋ አስከፈለ። አንዱ መሣሪያ በሌላው ላይ የቆመ ስለሆነ ሁሉም ሌላው እስኪሻገር ይጠብቅ ነበር። ፓይተን 2 በ2015 ይቆማል ተብሎ የነበረው ቀን በ2014 ተራዘመና 2020 ሆነ። ኢንስታግራምን የመሰለ ግዙፍ ድርጅት ወደ ፓይተን 3 መሻገሩን ያበሰረው በ2017 ነው። የመጨረሻው 2.7.18 በኤፕሪል 2020 ወጣና በሩ ተዘጋ። ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ኖሩ ማለት ነው። ይህን ጉዞ ሲያማርሩ የኖሩ አሉ፤ ስለ አካሄዱ ማማረራቸውም አይፈረድበትም። መድረሻው ግን ትክክል ነበር። በላቲን ፊደል የማይጽፍ የዓለም ሕዝብ ሁሉ በዚህ ውሳኔ ተጠቅሟል።

ጊዶ ይህን የሚያህል መከፋፈል ችሎ ሲያሳልፍ፣ ዙፋኑን ያስለቀቀው ሁለት ቁምፊ ነው።

በ2018 መጀመሪያ ክሪስ አንጀሊኮ ፔፕ 572ን አቀረበ፤ ኋላ ቲም ፒተርስና ጊዶ ራሱ አብረው ጻፉት። የሚጠየቀው := የሚል ምልክት ነው። ለአንድ ስም ዋጋ ይሰጣል፤ ዋጋውንም በዚያው ቅጽበት ለቀሪው ስሌት ያቀብላል። የባሕር አውሬውን የዋልረስን ዓይንና ጥርስ ስለሚመስል ሰዎች ዋልረስ አሉት። ጥቅሙ በተግባር ይታያል። ትልቅ ፋይልን በቁራጭ በቁራጭ የሚያነብ ሰው ቀድሞ የንባቡን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይጽፍ ነበር፤ አንዴ ከድግግሞሹ በፊት፣ አንዴ በድግግሞሹ መጨረሻ። አንዱን አርሞ ሌላውን የረሳ ፕሮግራመር ስሕተቱን ሲፈልግ ይውላል። በአዲሱ ምልክት ትእዛዙ አንዴ ብቻ ይጻፋል።

ተቃዋሚዎቹም ምክንያት ነበራቸው። በሲ ቋንቋ ማወዳደርና ዋጋ መስጠት በአንድ የእኩል ምልክት ብቻ ስለሚለያዩ ስንቱ ፕሮግራም ተበላሽቷል፤ ፓይተን ይህን በር ገና ከጅምሩ ዘግቶት ነበር። ደግሞም የፓይተን ኩራት አንድን ነገር ለመሥራት አንድ ግልጽ መንገድ መኖሩ ነው፤ ሁለተኛ መንገድ ለምን ይከፈታል አሉ። ቲም ፒተርስ የራሱን የቆየ ኮድ እያገላበጠ ምልክቱ የት እንደሚጠቅምና የት እንደማይጠቅም ፈተሸ። ይሁንና ክርክሩ ተጋጋለ፤ ተመሳሳዩ መከራከሪያ እየተደጋገመ፣ ሰውም እየተቀያየመ ወራት አለፉ። በጁላይ ጊዶ ሐሳቡን አጸደቀ።

ጁላይ 12 ቀን 2018 ለባልደረቦቹ ደብዳቤ ጻፈ። ለአንድ ማሻሻያ ይህን ያህል ታግሎ፣ ይህን ያህል ሰው ውሳኔውን ሲንቅበት ማየት እንደማይፈልግ ገለጸ። ከፈራጅነቱ ለዘለቄታው አረፈ። ወራሽ አልሾመም፤ ዴሞክራሲ ይሁን አምባገነንነት፣ ፌዴሬሽን ይሁን ሥርዓት አልባነት፣ ራሳችሁ ወስኑ ብሎ ለእነሱ ተወው። ከገና ሰሞን ጀምሮ 28 ዓመት ከመንፈቅ ገዝቶ በፈቃዱ ወረደ።

ባልደረቦቹ አልተበተኑም። ሰባት የአስተዳደር ሐሳቦች ቀርበው በዲሴምበር ድምፅ ተሰጠባቸው። አንድ መሪ ይኑር ያለ ነበረ፤ ሦስት ይሁኑ ያለም ነበረ። ያሸነፈው ናታኒየል ስሚዝና ዶናልድ ስታፍት የጻፉት ፔፕ 8016 ነው፤ አምስት አባላት ያሉት የተመረጠ ምክር ቤት ያቋቁማል፤ ከአንድ ቀጣሪ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይቀመጥበትም ይከለክላል። አንድ ትልቅ ኩባንያ ቋንቋውን በደመወዝ እንዳይገዛው ይህች አንቀጽ ከምንም በላይ ትጠቅማለች። በፌብሩዋሪ 2019 የመጀመሪያዎቹ አምስት ታወቁ፤ ባሪ ዋርሶ፣ ብሬት ካነን፣ ካሮል ዊሊንግ፣ ኒክ ኮግላን፣ አምስተኛውም ራሱ ጊዶ። ዋልረስ በኦክቶበር 2019 ከ3.8 ጋር ወጣ። ጊዶ ለሁለተኛው ምክር ቤት ሳይወዳደር ቀረ፤ በ2020 ማይክሮሶፍት ገብቶ ቋንቋውን በሚያፈጥኑ ሰዎች መካከል እንደ አንዱ ሠራ። ምክር ቤቱም በ2023 ፓይተን በአንድ ጊዜ በአንድ ክር ብቻ እንዲሠራ ያሰረውን ቁልፍ ማንሣት የሚያስችለውን ፔፕ 703 አጸደቀ፤ ሙከራው በ2024 ከወጣው 3.13 ጋር ለሕዝብ ደረሰ።

ይህን የምታነቡ፣ እስካሁን በፓይተን 2 የሚሠራ ፕሮግራም በእጃችሁ ካለ፣ ከኤፕሪል 2020 ወዲህ ከፈጣሪዎቹ የደኅንነት ማስተካከያ አይመጣለትም። የአማርኛ ጽሑፍ የሚያስተናግድ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትሉ አሻግሩት። ጽሑፍ ከፋይል የሚገባበትንና ወደ ፋይል የሚወጣበትን ቦታ፣ ማካፈል ያለበትንም መስመር ሁሉ አስቀድማችሁ ፈትሹ።